ማግኔት ለምን ወደ ጎን ብቻ ይገፋል? ከባቡሩ ሞተር እስከ አዲስ አበባ ሰማይ

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ከመስቀል አደባባይ በለገሃር አድርጎ ወደ ሜክሲኮ የሚያልፈው ቀላል ባቡርም ሥራ ከጀመረበት ከመስከረም 2008 ዓ.ም. አንሥቶ የሚንቀሳቀሰው በኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ሞተር ሲነሣ ማግኔት ይነሣል። ማግኔት ሲነሣ ደግሞ አንድ ሥር የሰደደ የተሳሳተ ግምት አብሮ ይመጣል፦ «የሚገፋው ማግኔቱ ከሆነ፣ ጠንካራ ማግኔት ያገኘ ሰው ባትሪም ነዳጅም አያስፈልገውም» የሚል። በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዘዋወሩት «ያለ ነዳጅ፣ በማግኔት ብቻ የሚሠራ ጄኔሬተር» የሚሉ ቪዲዮዎች የቆሙት በዚሁ ግምት ላይ ነው።

ግምቱ የሚፈርሰው በአንድ ነጥብ ነው። ማግኔት በሚንቀሳቀስ ቻርጅ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል ሁልጊዜ ወደ ጎን ነው፤ ወደፊት ወይም ወደኋላ ሆኖ አያውቅም። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ይህን ሕግ በእጁ ጣቶች እያሳየ ይሸመድደዋል። ሕጉ የት ድረስ እንደሚወስድ ሳይነገረው ግን ፈተናው ይደርሳል። የሚያሳዝነው ይኸው ነው፤ ምክንያቱም በፊዚክስ ውስጥ እንዲህ በአጭሩ ተነግሮ ይህን ያህል ነገር የሚያስረዳ ሕግ ብዙ የለም።

## መጀመሪያ፣ ቃላቱ ምን ማለት ናቸው?

ቻርጅ ስንል ኤሌክትሮንና ፕሮቶን የተሸከሙት የኤሌክትሪክ ባሕርይ ነው፤ የኤሌክትሮኑ ኔጌቲቭ፣ የፕሮቶኑ ፖዘቲቭ ይባላል። ከረንት የቻርጆች ፍሰት ነው። መግነጢሳዊ መስክ ደግሞ ማግኔት ወይም ከረንት የሚያልፍበት ሽቦ በዙሪያው የሚፈጥረው ተጽዕኖ ነው። መስኩ በእያንዳንዱ ቦታ ላይ ጥንካሬ አለው፤ ኮምፓስ የሚያመለክተው አቅጣጫም አለው። ጥንካሬው የሚለካው በቴስላ ነው።

ኃይል መግፋት ወይም መሳብ ነው። ጉልበት ግን ሌላ ነው፦ ባትሪው ውስጥ የተጠራቀመው፣ የሚሮጥ መኪና የያዘው፣ የምድጃ ሙቀት የሆነው። አንድን ነገር በሚሄድበት አቅጣጫ ቢገፉት ጉልበት ይሰጡታል፤ ከሚሄድበት ወደኋላ ቢጎትቱት ጉልበት ይወስዱበታል። ወደ ጎን ብቻ ቢገፉት ግን አይሰጡትም፣ አይወስዱበትም፤ መንገዱን ብቻ ያስቀይሩታል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህች ልዩነት ላይ የተንጠለጠለ ነው።

አንድ ቃል ይቀራል። ሁለት መስመሮች በ90 ዲግሪ ሲገናኙ አንዱ ለሌላው ቀጤ ነክ ነው ይባላል።

## ታዲያ ወደየትኛው ጎን?

አራት ኪሎ ላይ ፊትዎን ወደ እንጦጦ አዙረው ይቁሙ። ፊትዎ ወደ ሰሜን ነው፣ ቀኝ እጅዎ ወደ ቀበና፣ ግራዎ ወደ ፒያሳ። የምድር መግነጢሳዊ መስክ እዚህ ቦታ ላይ ከኋላዎ መጥቶ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል አግድም ወደ እንጦጦ ያልፋል። ይህ በሁሉም አገር የሚገኝ ነገር አይደለም። ለንደን ላይ መስኩ ወደ መሬት 66 ዲግሪ ገደማ ያዘቀዝቃል፤ አዲስ አበባ ግን መስኩ ሙሉ በሙሉ አግድም ከሚሆንበት መስመር፣ ማለትም ከመግነጢሳዊው የምድር ወገብ፣ አጠገብ ናት።

አሁን ከሰማይ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ፕሮቶን ያስቡ። ጉዞው ወደ ታች፣ መስኩ ወደ ሰሜን ነው። ኃይሉ ለሁለቱም ቀጤ ነክ መሆን ስላለበት የሚቀሩት አቅጣጫዎች ምሥራቅና ምዕራብ ብቻ ናቸው። ፕሮቶኑ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ቀበና ይገፋል። ኤሌክትሮን ቢሆን ኖሮ ተቃራኒውን፣ ወደ ፒያሳ። ያው ፕሮቶን ከፒያሳ ወደ ቀበና አግድም ቢበር ወደ ላይ ይገፋል፤ ከቀበና ወደ ፒያሳ ቢመለስ ወደ ታች። ከእርስዎ ተነሥቶ ቀጥታ ወደ እንጦጦ ቢበርስ? ምንም አይነካውም፣ ከመስኩ ጋር ትይዩ ሆኖ እየሄደ ነውና። ቆሞ ቢቀርም እንዲሁ ምንም አይነካውም። ማግኔት በቆመ ቻርጅ ላይ ሥልጣን የለውም።

የኃይሉ መጠን ቻርጁ በፍጥነቱ፣ ፍጥነቱ ደግሞ በመስኩ ጥንካሬ ተባዝቶ ይገኛል። ይህ ጉዞው ለመስኩ ቀጤ ነክ ሲሆን ነው፤ ማዕዘኑ ከ90 ዲግሪ እየራቀ ሲሄድ ኃይሉ እየቀነሰ ሄዶ ትይዩ ሲሆን ዜሮ ይገባል። አቅጣጫውን ለማወቅ የቀኝ እጅ አራት ጣቶች ወደ ጉዞው አቅጣጫ ይዘረጋሉ፣ ከዚያ ወደ መስኩ አቅጣጫ ይታጠፋሉ፤ አውራ ጣት የሚያመለክተው ፖዘቲቩ ቻርጅ የሚገፋበትን ነው። አራት ኪሎ ላይ በቆሙበት ይሞክሩት።

ይህ ነገር መጀመሪያ ሲታይ ሊቃውንቱንም ግራ አጋብቶ ነበር። እስከዚያ ድረስ የሚታወቁት ኃይሎች ሁለት ነገሮችን በሚያገናኘው መስመር ላይ ወይ የሚስቡ ወይ የሚገፉ ነበሩ። ዴንማርካዊው ሃንስ ክርስቲያን ኦርስቴድ እ.ኤ.አ. በ1820 ከረንት የሚያልፍበትን ሽቦ ከኮምፓስ አጠገብ ሲያደርግ ግን መርፌው ወደ ሽቦው አልተሳበም፣ ከሽቦውም አልሸሸም፤ ለሽቦው ቀጤ ነክ ሆኖ ቆመ። በዓመቱ ማይክል ፋራዴይ ሜርኩሪ ውስጥ የተንጠለጠለ ሽቦ በማግኔት ዙሪያ እንዲሽከረከር አደረገ። ሕጉ ዛሬ የሚጠራው እ.ኤ.አ. በ1895 በሙሉ መልኩ ባስቀመጠው በኔዘርላንዳዊው ሄንድሪክ ሎሬንትዝ ስም ነው።

## ወደ ጎን ብቻ የሚገፋ ኃይል ምን ያመጣል?

ክብ ያመጣል። እረኛ ወንጭፉን በአናቱ ላይ ሲያሽከረክር ገመዱ ድንጋዩን የሚስበው ወደ እጁ ነው፣ ድንጋዩ ደግሞ የሚሄደው ለገመዱ ቀጤ ነክ በሆነ አቅጣጫ ነው። ስለዚህ ድንጋዩ ይዞራል እንጂ ወደ እጁ አይመጣም። በአንድ ዓይነት ፍጥነት እየዞረ ሳለ ገመዱ ፍጥነት አይጨምርለትም፤ ሲለቀው በነበረው ፍጥነት ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በመግነጢሳዊ መስክ ውስጥ የሚበር ኤሌክትሮንም እንዲሁ ነው፦ በየቅጽበቱ ወደ ጎን ይታጠፋል፣ ሲታጠፍ «ጎኑ» የሚባለው አቅጣጫ አብሮ ይዞራል፣ መጨረሻው ክብ ነው። ልዩነቱ መሐል ላይ የሚይዘው እጅ አለመኖሩ ነው። ክቡን የሚሠራው መስኩና የቻርጁ የራሱ ፍጥነት ናቸው።

ወደ ቁጥር እንምጣ። አዲስ አበባ ላይ ያለው የምድር መስክ 36 ማይክሮቴስላ (የቴስላ 36 ሚሊዮንኛ) ገደማ ነው፤ ከፍሪጅ በር ላይ ከሚለጠፍ ማግኔት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ደካማ ነው። በ1,000 ቮልት የተገፋ ኤሌክትሮን በሰከንድ ወደ 19,000 ኪሎሜትር ይበራል። በዚህ ፍጥነት የሚበረውን ኤሌክትሮን ይህ ደካማ መስክ ከመሐሉ እስከ ጠርዙ 3 ሜትር ብቻ በሆነ ክብ ውስጥ ያስረዋል፤ አንድ ደህና ሳሎን ሊይዘው ጥቂት የሚቀረው ክብ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር በእኔ አስተያየት ከሁሉ ይበልጣል። ኤሌክትሮኑ ፈጣን ሲሆን ክቡ ይሰፋል፣ ቀርፋፋ ሲሆን ክቡ ይጠባል፤ አንዱን ዙር የሚጨርስበት ጊዜ ግን አይለወጥም። ፈጣኑ ረጅም መንገድ ስላለበት፣ ቀርፋፋው አጭር መንገድ ስላለበት እኩል ይደርሳሉ። ፍጥነታቸው ከብርሃን ፍጥነት በጣም እስካነሰ ድረስ ከአዲስ አበባ በላይ ያለ ነጻ ኤሌክትሮን ሁሉ፣ ፈጣኑም ቀርፋፋውም፣ በሰከንድ 1 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይዞራል። ይህ ቁጥር በሬዲዮ መካከለኛ ሞገድ ክልል ውስጥ የሚወድቅ ነው። አሜሪካዊው ኧርነስት ሎውረንስ እ.ኤ.አ. በ1931 ሳይክሎትሮን የተባለውን መሣሪያ ሥራ ላይ ያዋለው ይህንኑ እኩልነት ተጠቅሞ ነው፦ ማግኔቱ ያዞራል፣ በእያንዳንዱ ዙር በትክክለኛው ቅጽበት የሚገፋው የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ ያፈጥናል። የሥራ ክፍፍሉን ልብ ይበሉ። ማፍጠን የኤሌክትሪክ፣ ማዞር የማግኔት ነው።

ጉዞው ለመስኩ ሙሉ በሙሉ ቀጤ ነክ ካልሆነ፣ በመስኩ አቅጣጫ ያለው የጉዞው ክፍል ሳይነካ ይቀጥላል፣ የቀረው ይዞራል። ሁለቱ ሲደመሩ እንደ እስክሪብቶ ስፕሪንግ የተጠማዘዘ መንገድ ይወጣል።

## ይህን በዓይን ያየ ሰው አለ?

ብዙ ሰው አይቷል። ሳሎን ጥግ ተቀምጦ ዳንቴል ይደረብበት የነበረውን ባለ ትልቅ ጀርባ ቴሌቪዥን ያስታውሱ። ልጆች ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ይዘው ወደ መስታወቱ ሲጠጉ የዜና አንባቢው ፊት ሐምራዊ ይሆናል፣ ጆሮው ወደ አረንጓዴ ይዞራል፣ የሥዕሉ ጠርዝ ይጎብጣል። አንዳንዴም ማግኔቱ ከተነሣ በኋላ ቀለሙ እንደተበላሸ ይቀራል፣ ከመስታወቱ ጀርባ ያለው ቀጭን የብረት ወንፊት ራሱ ማግኔት ስለሚሆን። ስድቡ የሚመጣው ያኔ ነው።

የሆነው ይህ ነው። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ያለው ቱቦ ኤሌክትሮኖችን ከ20,000 ቮልት በላይ በሆነ ግፊት ወደ መስታወቱ ይተኩሳል። ግፊቱ 25,000 ቮልት ከሆነ በሰከንድ ወደ 90,000 ኪሎሜትር ይበራሉ። በቱቦው አንገት ዙሪያ የተጠቀለሉት የመዳብ ሽቦዎች መስክ እየፈጠሩ ይህን የኤሌክትሮን ጨረር ወደ ቀኝና ወደ ግራ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ያጥፉታል፤ በሰከንድ 25 ጊዜ ሙሉ ሥዕል የሚሣለው እንዲህ ነው። የልጆቹ ማግኔት ሲጨመር ጨረሩ ካሰበው ቦታ ጥቂት ወደ ጎን ይስታል፤ ቀይ መንካት የነበረበት አረንጓዴውን ይነካል። ሥዕሉ ግን አልደመቀም፣ አልደበዘዘም፤ ተዛነፈ እንጂ። ኤሌክትሮኖቹ መስታወቱን የሚመቱት በነበራቸው ፍጥነት ነው።

## ማግኔት ጉልበት ካልሰጠ ባቡሩን ማን ይገፋዋል?

አስተዋይ አንባቢ እዚህ ጋ መጠየቁ አይቀርም። ሞተር ውስጥ ሽቦው በመስኩ ተገፍቶ ይንቀሳቀሳል፣ ባቡር ይጎትታል፣ ዳገት ይወጣል። ጉልበት ማለት ይህ አይደል? ማግኔት ጉልበት አይሰጥም ካልን ይህን ከየት አመጣነው?

ቀስ ብለን እንየው። ሽቦ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች ሰው እንደሚገምተው አይከንፉም። 2.5 ካሬ ሚሊሜትር በሆነ የመዳብ ሽቦ ውስጥ 10 አምፔር ቀጥተኛ ከረንት ቢፈስ፣ ኤሌክትሮኖቹ በአማካይ የሚራመዱት በሰዓት አንድ ሜትር ገደማ ነው። ብዛታቸው ግን ለቁጥር አይመችም፣ ስለዚህ በእያንዳንዳቸው ላይ የሚያርፈው እጅግ ትንሽ የጎን ግፊት ሲደመር ትልቅ ይሆናል። ከሽቦው መውጣት ስለማይችሉ ወደ አንዱ ጎን ተገፍተው መዳቡን ይዘውት ይሄዳሉ። 10 ሴንቲሜትር የሚሆን ሽቦ፣ 1 ቴስላ በሆነ መስክ ውስጥ፣ 10 አምፔር ይዞ ቢቀመጥ 1 ኒውተን ኃይል ያርፍበታል። ይህ 100 ግራም የሚያህል ዕቃ መዳፍ ላይ የሚያሳርፈው ክብደት ነው። ሞተር ውስጥ እንዲህ ያለ ሽቦ በብዙ መቶ ዙር ይጠቀለላል።

አሁን ሽቦው በተገፋበት አቅጣጫ በሰከንድ 20 ሜትር መጓዝ ጀመረ እንበል። ኤሌክትሮኖቹ አብረውት ወደ ጎን እየተጓዙ ነው። ይህም ጉዞ ነው፤ መስኩ ይህንንም ጉዞ ወደ ጎን ይገፋዋል። የጎን ጉዞ «ጎኑ» ደግሞ የት ነው? በሽቦው ርዝመት ላይ ነው፣ ከረንቱ ከሚፈስበት በተቃራኒ አቅጣጫ። ማለትም ሽቦው ሲንቀሳቀስ መስኩ ከረንቱን ራሱን ወደኋላ መግፋት ይጀምራል። ከረንቱ እንዳይቆም ባትሪው ወይም የባቡሩ የኤሌክትሪክ መስመር ይህን ግፊት እየተቋቋመ መግፋት አለበት።

ሒሳቡን እንሥራ። ሽቦው በ1 ኒውተን ኃይል በሰከንድ 20 ሜትር ሲገፋ የሚሰጠው አቅም፣ ማለትም በየሰከንዱ የሚሰጠው ጉልበት፣ 20 ዋት ነው። የኋላ ግፊቱ ደግሞ ሲሰላ 2 ቮልት ይመጣል፤ 2 ቮልት በ10 አምፔር ሲባዛ ከባትሪው የሚወጣው 20 ዋት ነው። ገቢና ወጪው ልክ ለልክ ነው። ማግኔቱ ከኪሱ ምንም አልከፈለም፣ ወደ ኪሱም ምንም አላስገባም። ባትሪው በሽቦው ርዝመት የሰጠውን ጉልበት ተቀብሎ፣ አቅጣጫውን 90 ዲግሪ አዙሮ፣ ለሽቦው የጎን ጉዞ አስረከበ። እውነተኛ ሞተር ውስጥ ሽቦው በብረት መሐል ስለሚቀበር ዝርዝሩ ይወሳሰባል፤ ይህ ሒሳብ ግን አይለወጥም።

«በማግኔት ብቻ የሚሠራ ጄኔሬተር» የማይሠራው በዚህ ምክንያት ነው። ጠንካራ ማግኔት መግዛት የአስረካቢውን ብርታት ይጨምራል፤ የሚረከበው ጉልበት ከሌለ ግን አስረካቢ ብቻውን ምንም የለውም።

## ሚስማርስ? ማግኔት ሚስማር ሲስብ ጉልበት አልሰጠም?

ሚስማሩ ዘሎ ሲመጣ ጉልበት ያገኛል፣ ይህ እውነት ነው። ጉልበቱ ግን ሚስማሩና ማግኔቱ ተራርቀው በነበሩበት ሁኔታ ውስጥ የተቀመጠ ነው፤ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ዕቃ ሲወድቅ እንደሚያገኘው ያለ ነው። አንዴ ከተጣበቀ አለቀ። እንደገና እንዲዘል ከተፈለገ ማላቀቅ ያስፈልጋል፣ ለማላቀቅ የሚወጣው ጉልበት ደግሞ ሲዘል ካገኘው አያንስም። ማግኔቶችን በጎማ ዙሪያ እንዴትም ቢደረድሯቸው፣ ጎማው አንድ ዙር ሄዶ ወደ ጀመረበት ሲመለስ ትርፉ ዜሮ ነው፤ በሰበቃ የሚባክነው ሲቀነስ ደግሞ ኪሳራ።

## ሞተር ተይዞ ሲቆም ለምን ይቃጠላል?

ወፍጮ ቤት ያለው ሰው ያውቀዋል። ድንጋዩ በሆነ ነገር ተይዞ ሞተሩ መዞር ሲያቅተው ያጉረመርማል፣ ይግላል፣ ቶሎ ካልጠፋ የተቃጠለ ቫርኒሽ መሽተት ይጀምራል። ምክንያቱ ከላይ ያየነው የኋላ ግፊት ነው። ሞተሩ ሲዞር የኋላ ግፊቱ የመስመሩን ቮልቴጅ ስለሚቋቋም ከረንቱ ልከኛ ሆኖ ይቆያል። ሲቆም የኋላ ግፊት የለም። ከረንቱን የሚገታው ሲጠፋ ከረንቱ ብዙ እጥፍ ይንራል፤ ወደ እንቅስቃሴ መለወጥ ያልቻለው ጉልበት ሁሉ ሽቦው ላይ ሙቀት ይሆናል። ሞተር የሚጠቀልሉ ባለሙያዎች የጠቆረ ጥቅል ሲያዩ «ተይዞ ነበር?» ብለው የሚጠይቁት ለዚህ ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለት ላይ ባትሪውን የሚሞላው በዚሁ የኋላ ግፊት ነው። ከእንጦጦ ወደ አራት ኪሎ ሲወርዱ ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል፤ ሽቦዎቹ መስክ እየቆረጡ ስለሚያልፉ ኤሌክትሮኖቹ በሽቦው ርዝመት ይገፋሉ፣ ከረንቱም ወደ ባትሪው ይመለሳል። ያ ከረንት በተራው ሽቦውን ወደ ጎን፣ ከእንቅስቃሴው በተቃራኒ ይገፋል፤ ፍሬን ሳይረገጥ መኪናው ሲያዝ የሚሰማው ይህ ነው። 1,600 ኪሎግራም የሚመዝን መኪና 500 ሜትር ከፍታ ቢወርድ የሚለቀው ጉልበት 2.2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ሁሉም አይመለስም፣ ከፊሉ በአየርና በጎማ ይባክናል፤ በነዳጅ መኪና ግን ፍሬን ሸራ ላይ ሙቀት ሆኖ የሚቀረው ነው።

ባቡሩን ስናነሣ አንድ ጥያቄ ይኖራል፦ የምድር መስክ ራሱ የባቡሩን የላይ ሽቦ አይገፋውም? ይገፋዋል። ከሜክሲኮ ወደ መስቀል አደባባይ፣ ማለትም ወደ ምሥራቅ፣ 1,000 አምፔር ቢፈስ 100 ሜትር የሚረዝመው ሽቦ ወደ ላይ ይገፋል፤ ግፊቱ ግን ከ400 ግራም ክብደት ያነሰ ነው። 120 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ በዚያ ርዝመት ከ100 ኪሎግራም በላይ ስለሚመዝን ማንም አያስተውለውም።

## የአዲስ አበባ ሰማይ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

ከሕዋ ወደ ምድር ሌት ተቀን ቻርጅ ያላቸው ቅንጣቶች ይወርዳሉ፤ የሕዋ ጨረር የሚባሉት እነዚህ ናቸው፣ አብዛኞቹም ፕሮቶኖች ናቸው። አዲስ አበባ ላይ ቀጥ ብለው ሲወርዱ መስኩን የሚያገኙት በ90 ዲግሪ ነው፣ ይኸውም ማግኔት ከፍተኛ ኃይሉን በሚያሳርፍበት ማዕዘን። የዘገየው ፕሮቶን ተጠምዝዞ ይመለሳል። ከላይ በቀጥታ ለመግባት 15 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት (አንዱ ኤሌክትሮን ቮልት ኤሌክትሮን በ1 ቮልት ሲገፋ የሚያገኘው ጉልበት ነው) ያህል ጉልበት ያስፈልገዋል፤ ወደ ዋልታዎቹ ሲሄዱ ግን ቅንጣቶቹ በመስኩ አቅጣጫ ስለሚወርዱ ይህ አጥር ከሞላ ጎደል የለም። በአንድ ከፍታ የሚበር አውሮፕላን በዋልታ አካባቢ ሲሆን ከምድር ወገብ አካባቢ ይልቅ የበለጠ የሕዋ ጨረር የሚያርፍበት ለዚህ ነው።

ፖዘቲቭ ቅንጣቶች ሲወርዱ ወደ ምሥራቅ የሚገፉ ከሆነ፣ ከምዕራብ በኩል የሚመጡት መብዛት አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ1933 የፊዚክስ ሊቃውንቱ ቶማስ ጆንሰን፣ እንዲሁም ሉዊስ አልቫሬዝና አርተር ኮምፕተን ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ቆጥረው ያገኙት ይህንኑ ነው። የሕዋ ጨረር ምን እንደሆነ ገና በሚያከራክርበት በዚያ ዘመን፣ ቅንጣቶቹ በአብዛኛው ፖዘቲቭ መሆናቸው የታወቀው ወደየት እንደታጠፉ በማየት ብቻ ነው።

በግንቦት 2016 ዓ.ም. ኃይለኛ የፀሐይ ማዕበል ምድርን መትቶ በብዙ አገሮች ሰማይ ላይ ቀይና አረንጓዴ የዋልታ ብርሃን ሲታይ፣ አዲስ አበባ ላይ አልታየም። ያን ብርሃን የሚያመጡት ቅንጣቶች በመስኩ መስመር ላይ እየተጠማዘዙ የሚወርዱ ናቸው፤ መስመሩ ወደ መሬት የሚዘልቀው ወደ ዋልታዎቹ በኩል ነው። እዚህ ግን መስመሩ አግድም ተኝቶ ስለሚያልፍ ወደ ታች የሚያወርድ መንገድ የላቸውም።

የእኛ ሰማይ ግን የራሱ የሆነ ነገር አለው። ቀን ቀን፣ 100 ኪሎሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የፀሐይ ብርሃን ከአየሩ ኤሌክትሮኖችን ይነቅላል። እዚያ ያሉት ነፋሶች ወደ ምሥራቅ የሚያመለክት የኤሌክትሪክ ግፊት ይፈጥራሉ። ኤሌክትሮን ግን በዚህ ግፊት መስመር ላይ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ መስኩ እያዞረው ለግፊቱም ለመስኩም ቀጤ ነክ ወደሆነው አቅጣጫ፣ ወደ ላይ ይንሸራተታል። አየኖች፣ ማለትም ኤሌክትሮን ተነቅሎባቸው ፖዘቲቭ የሆኑት ከባድ የአየር ቅንጣቶች፣ ግን ከአየሩ ጋር እየተጋጩ ዙራቸውን መጨረስ ስለማይችሉ ወደኋላ ይቀራሉ። ከላይ ኔጌቲቭ፣ ከታች ፖዘቲቭ ይጠራቀምና ሌላ፣ ከመጀመሪያው የበረታ፣ ቁመታዊ ግፊት ይፈጠራል። ይህኛው ግፊት ደግሞ ኤሌክትሮኖቹን እንደገና በ90 ዲግሪ አዙሮ ወደ ምዕራብ ይነዳቸዋል። ኤሌክትሮን ወደ ምዕራብ ሲሄድ ከረንቱ ወደ ምሥራቅ ነው። ጥቂት መቶ ኪሎሜትር ስፋት ያለው፣ ቀን በሆነበት የምድር ፊት ሁሉ መግነጢሳዊውን ወገብ ተከትሎ የሚፈስ የከረንት ወንዝ እንዲህ ይወለዳል።

አራት ኪሎ ግቢ ውስጥ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1958፣ በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ወቅት፣ የምድርን መስክ መለካት የጀመረው ከተማዋ ለዚህ ወገብ ባላት ቅርበት ነው። ጣቢያውን ያቋቋሙት ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ካህን አባ ፒየር ጉዋን ነበሩ። ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ከረንት ከታቹ ባለው መሬት ላይ ወደ ሰሜን የሚያመለክት መስክ ስለሚጨምር፣ ማለዳ ዝቅ ብሎ የቆየው የሰሜን መስክ ወደ እኩለ ቀን ሲጠጋ ከፍ ይላል፤ ፀሐይ ስታዘነብል ይመለሳል። ጭማሪው 100 ናኖቴስላ ያህል ሊደርስ ይችላል፣ ከጠቅላላው መስክ አንድ በመቶ እንኳ የማይሞላ። ስሱ መሣሪያ ካልሆነ የሚያስተውለው የለም።

ከዚህም ከፍ ብሎ፣ አየሩ እጅግ በሳሳበት ከፍታ፣ አየኖቹም እንደ ኤሌክትሮኖቹ ያለ ግጭት ይዞራሉ። በዚያ ላይ የምሥራቁ ግፊት ኤሌክትሮንንም አየንንም ባንድነት ወደ ላይ ያነሣቸዋል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይህ መነሣት ለጥቂት ጊዜ ይፋጠንና የኤሌክትሮኖቹና የአየኖቹ ሽፋን ሚዛኑን ያጣል፤ ከሥሩ ያለው የሳሳ ክፍል እንደ አረፋ እየፈላ ወደ ላይ ይወጣል። የሳተላይት ምልክቶች በእነዚህ አረፋዎች ውስጥ ሲያልፉ ይርገበገባሉ። በኢትዮጵያ ላይ ይህ የሚበረታው ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑባቸው በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ ነው፤ ጂፒኤስ ይዞ በሴንቲሜትር ደረጃ መሬት የሚለካ ባለሙያም በእነዚያ ወራት ከምሽት ይልቅ ቀኑን ቢመርጥ የተሻለ ውጤት ያገኛል።